አቦይ ሀብተጽዮንና መንታ የሌለው መጽሐፍ

አቦይ ሀብተጽዮን መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ተዘግቶ የኖረው የአሥመራ ስልክ የተከፈተ ሰሞን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያገር ልጅ የሆነ ሁሉ ቁጥር ፍለጋ ሲራወጥ፣ እኔም የአክስቴን ልጅ ምሕረትን አገኘኋት። መጀመሪያ ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ እኔ ስም እየጠራሁ እሷ «አለ» ወይም «የለም» እያለች መመለስ ጀመረች። የሌሉት ስለበዙ «የለም» ስትል ድምፅዋ መለወጡን ትቶ ነበር። አቦይ ሀብተጽዮንን ስጠራ ግን መልሳ ጠየቀችኝ።

«የቤተ መጻሕፍቱ አቦይ ሀብተጽዮን?»

«እወ፣ እሳቸው።»

«ኧረ እሳቸው ቆይተዋል! ስልኩ እንደተዘጋ በዓመቱ ነው። አልሰማሽም እንዴ?»

ከየት እሰማለሁ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ዕድሜያቸውን ስቆጥር ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ሰማንያ አምስት ሞላቸው፣ ዘንድሮ ዘጠና ደረሱ እያልኩ። በልቤ አወራቸው ነበር። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ሳወጣ ከኋላዬ ሲቆጡኝ እሰማቸው ነበር። ለካ የማወራው ከሞተ ሰው ጋር ኖሯል።

«በወግ፣ ግጥም ተገጥሞ ተለቀሰላቸው?» አልኳት።

«የምን ወግ?» አለች ምሕረት። «እንደ ሰው ተቀበሩ። ቄሶቹ ፍትሐት አደረጉ፣ ድንኳን ገብተን ወጣን። አሁን ማን ያንን ያውቃል ብለሽ?»

ስለ እሳቸው በአማርኛ መጻፌ ለራሴም ይገርመኛል። ግን የተማርኩት በአማርኛ ነው፤ አግብቼ ከመጣሁ ወዲህም ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖርኩት በአማርኛ ነው። በትግርኛ አለቅሳለሁ፣ እቆጣለሁ፣ እጸልያለሁ። ለመጻፍ ስቀመጥ ግን እጄ እምቢ ይለኛል። ለምን እምቢ እንደሚለኝ እሳቸው ያውቁ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ የገባሁትም በአማርኛዬ ነው። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ብዙ አልቆየም ነበር። የመሥሪያ ቤት ወረቀት ሁሉ በአማርኛ ይሁን በመባሉ፣ ጣልያንኛና እንግሊዝኛ አሳምረው የሚናገሩ ትልልቅ ሰዎች አንዲት ማመልከቻ ለመጻፍ ላብ ያጠምቃቸው ነበር። እኔ የሃያ ዓመት የማይ ጭሆት ልጅ ነኝ። በትምህርት ቤት በአማርኛ አንደኛ እወጣ ነበር፤ ታይፕም ተምሬያለሁ። አንድ ጠዋት የቅጥር ደብዳቤዬን ይዤ ስሄድ የተቀበሉኝ ቀጭን፣ ረጅም፣ በሸሚዛቸው ላይ ግራጫ የሥራ ካፖርት የደረቡ ሰው ነበሩ። ደብዳቤውን ዘረጋሁላቸው። እሳቸው ያዩት እጄን ነው።

«ታጠቢ» አሉኝ።

«ጠዋት ታጥቤያለሁ።»

«እሱ ለራስሽ ነው» ብለው ወደ ቧንቧው አመለከቱኝ።

ታጥቤ ስመለስ አንድ ወፍራም የጣልያን መጽሐፍ እንዳወርድ አዘዙኝ። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ከጀርባው አናት ላይ በጣቴ ስቤ ላወጣ ስል እጄን ያዙኝ። «ጭንቅላቱን አትጎትቺው። አንቺን በጸጉርሽ ጎትተው ከአልጋ ቢያወርዱሽ ደስ ይልሻል?» ግራና ቀኝ ያሉትን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው፣ መሃለኛውን በሁለት ጎኑ ያዝ አድርገው አወጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፍ በሌላ መንገድ አውጥቼ አላውቅም።

ያ ቤት በየዘመኑ የመጣው ሁሉ መጽሐፉን ጥሎበት የሄደ ቤት ነበር። የፊተኛው ትልቁ ክፍል የጣልያኖቹ ነው፤ የሕግ፣ የእርሻና የምሕንድስና ጥራዞች ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረውበታል። ቀጥሎ እንግሊዞቹ የተዉአቸው ልብ ወለዶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ሽፋናቸው ላይ የሻሂ ብርጭቆ ክብ ምልክት ትቶባቸዋል። ውስጠኛው ክፍል፣ ወደ ፎርቶ ምሽግ በሚያሳየው መስኮት አጠገብ፣ የትግርኛና የዐረብኛ መደርደሪያ ነበረ። በር አጠገብ ደግሞ በቅርቡ በሣጥን የመጡት የአማርኛ መጻሕፍት ነበሩ፤ ሙጫቸው ገና ይሸታል። አቦይ ሀብተጽዮን እነሱንም ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። «መጽሐፉ ምን አደረገ?» ይሉ ነበር። «ያመጣውን ሰው ሌላ ጊዜ እንጠይቀዋለን።»

አማርኛን የተማሩት ከጎለመሱ በኋላ፣ ከእኔና ከሕፃናት የንባብ መጽሐፍ ነው። ሲናገሩ ሐ የምትባለውን ፊደል ከጉሮሯቸው ጥልቅ ያወጧታል። አንድ ቀን «መጽሐፍ» የሚለውን ቃል በአማርኛ እንዴት እንደሚባል ላስተምራቸው ሞከርኩ። አዳምጠው አዳምጠው ሳቁ። «ታዲያ ለምን ትጻፋለች? አማርኛ ሐን ቤቱ አስገብቶ አስቀምጧታል፣ ግን አያናግራትም። ይሄ ነውር አይደለም?»

እዚያ ቤት የገቡት በጣልያን ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ መጽሐፍ ተሸካሚ ሆነው ነው። በኋላ በር ይገባሉ፤ የታዘዙትን ጥራዝ ከምድር ቤት ተሸክመው ይወጣሉ፤ ደጃፉ ላይ ለጣልያናዊው ሠራተኛ ሰጥተው ይመለሳሉ። የንባቡ ክፍል ውስጥ ያገር ሰው አይቀመጥም ነበር። ቋንቋውን የተማሩት ከመጽሐፎቹ ጀርባ ነው፤ ርዕስ ከርዕስ፣ ደረጃ ሲወጡ እያነበቡ። እንግሊዞች መጥተው «አንተ ቦታውን ታውቃለህ» ብለው ጠረጴዛ ሲሰጧቸው፣ የመጀመሪያውን ቀን ቆመው እንደዋሉ ነግረውኛል። «አሥር ዓመት መጽሐፍ ተሸክሜ ነው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት። እግሬ አላመነኝም።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። መጽሐፍ «ተዋሰ» አይሉም። አንባቢ መጥቶ የፈለገው መጽሐፍ በቦታው ከሌለ፣ ጎረቤት የሄደ ሰው ይመስል «ወጣ ብሏል» ይሉታል። ቀኑ ካለፈም ደብዳቤ አይጽፉም፤ እራሳቸው ይሄዳሉ። አንዴ ገዛ ባንዳ ሰፈር አንድ መካኒክ ቤት አብሬያቸው ሄጃለሁ። ሻሂ ጠጡ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ መጽሐፉ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። በሩ ላይ ሲሰናበቱ ብቻ «ያ እንግዳችን ደሓን ነው?» አሉ። መካኒኩ ጆሮው ድረስ ቀልቶ መጽሐፉን ሮጦ አመጣ።

የቤቱ ኃላፊ የከተማው ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ይፈራ ነበር። አንድ ሰኞ ጠርቶኝ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረኝ።

«የውስጠኛውን ክፍል መጻሕፍት ዝርዝር በአማርኛ ታይፕ አድርጊልኝ። ትግርኛውንም፣ ዐረብኛውንም። አንድም እንዳይቀር።»

«ለምንድን ነው?»

«ከበላይ ታዟል። ወደ ሌላ መጋዘን ይዛወራሉ። የሚመጣው ሰኞ ማኪና ይመጣል።»

የትኛው መጋዘን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። በእነዚያ ወራት ትግርኛ ከትምህርት ቤት እየወጣ መሆኑን፣ የትግርኛ መጽሐፍ ሲቃጠል አየሁ የሚል ሰው መኖሩን ሰምቻለሁ። ያም ሆኖ ታይፔን አንስቼ ውስጠኛው ክፍል ገባሁ።

አቦይ ሀብተጽዮን ወረቀቱን ሳሳያቸው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ከዚያ መሰላሉን አቅርበው ከላይኛው መደርደሪያ ጀመሩ። ሦስት ቀን ሙሉ እሳቸው መጽሐፉን በሁለት እጃቸው እያወጡ ርዕሱን በትግርኛ ያነቡልኛል፤ እኔ ወደ አማርኛ መልሼ እመታለሁ። ዐረብኛውን አንድ የመስጊድ ሼኽ ቀደም ብለው ጽፈው በሰጧቸው ደብተር እያስተያዩ አነበቡልኝ። ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። እኔ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። የታይፑ ድምፅ ባዶ ክፍል ውስጥ ምስማር የሚመታ ይመስል ነበር።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ዝርዝሩ አለቀ። ተቀምጠው ከዳር እስከ ዳር አዩትና ሦስት ቦታ ላይ የፊደል ስህተቴን በእርሳስ አረሙ። «መሄዳቸው ካልቀረ ስማቸው በትክክል ይጻፍ» አሉኝ። ከዚያ ካፖርታቸውን አውልቀው ሰቀሉ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ወጥተው ሄዱ። ይሄን ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ስመጣ በሩ ላይ ሰልፍ ነበር።

ልብስ ሰፊዎች፣ የፋብሪካ ሴቶች፣ ሁለት የካቶሊክ መነኮሳት፣ ያ የገዛ ባንዳው መካኒክ፣ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ፣ ከነዩኒፎርማቸው ተማሪዎች። አብዛኞቹን ከዚያ በፊት አንድ ቀን አይቻቸው አላውቅም። ሁሉም እጃቸውን ታጥበው ነበር። አቦይ ሀብተጽዮን ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ካርድ ያወጣሉ፣ ስሙን ይጽፋሉ፣ ያስፈርማሉ፣ መጽሐፉን በሁለት እጅ ይሰጣሉ። ደንቡ ለአንድ ሰው ሁለት መጽሐፍ ነው። ሐጂው አምስት ቢለምኗቸው እንኳ እምቢ አሉ። «ሁለት ነው ሐጂ። ወንድምዎን ይላኩት።» ሐጂው እየሳቁ ወጥተው ከሦስት ወንድሞቻቸው ጋር ተመለሱ። አንድ ነገር ብቻ ከደንቡ ወጣ። የመመለሻውን ቀን ማኅተም ከመሳቢያው አላወጡትም፤ የካርዱ ቦታ ባዶ ቀረ።

ኃላፊው ዓርብ ዕለት በበሩ በኩል አልፎ ሰልፉን አየ። ቆመ። ከዚያ ቢሮው ገብቶ ቆለፈ፤ እስከ ሰኞም ወደ ሰልፉ ብቅ አላለም። እስከ ዛሬ ይህን እቆጥርለታለሁ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ መደርደሪያው ባዶውን ቆመ። ትቢያው የመጽሐፎቹን ቅርፅ ይዞ ቀርቶ ነበር። ከታች ማዕዘን ላይ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ ጥቁር ቆዳ የለበሰ ወፍራም ደብተር፣ ጀርባው ላይ ቁጥር እንጂ ርዕስ የለውም። የሚወስደው ሰው ጠፋ። አቦይ ሀብተጽዮን በሩን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ?»

«እኔ ሠራተኛ ነኝ።»

«ሠራተኛ አያነብም?»

ፈረምኩ። ፊርማዬ የሌላ ሰው መሰለኝ። ደብተሩን ሲሰጡኝ ለጥቂት ጊዜ አልለቀቁትም።

«ይሄ አልታተመም። አንድ የገጠር መምህር በየለቅሶው ቤት እየዞሩ ሴቶች ለሟቾቻቸው የገጠሙትን በእጃቸው የጻፉት ነው። ሌሎቹ ቢጠፉ አንድ ቦታ ሌላ ቅጂ ይገኝ ይሆናል። ይሄ ግን መንታ የለውም፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

ከገበያ በገዛሁት ቆስጣ ሥር ዘንቢሌ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት ወሰድኩት።

ሰኞ ማኪናው መጣ። ሦስት ሰዎች ከኃላፊው ጋር ውስጠኛው ክፍል ገቡና ባዶውን መደርደሪያ አዩ። ከሦስቱ አንደኛው የእኔን ዝርዝር ይዞ ነበር።

«የት አሉ?»

«ወጣ ብለዋል» አሉ አቦይ ሀብተጽዮን።

«ሁሉም?»

«እወ። ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ሰው መጥቶ ተዋሰ።»

«እሺ፣ ካርዱን አምጣ። ማን ማን ወሰደ?»

አቦይ ሀብተጽዮን መሳቢያቸውን ከፍተው አሳዩ። ባዶ ነበር። «ካርዱ ጠፍቶብኛል» አሉ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ሥራ አንድ ካርድ ጠፍቶባቸው የማያውቅ ሰው! ይህን ሲናገሩ በሕይወታቸው እንደዚያ አፍረው የማያውቁ ይመስሉ ነበር። ሰዎቹ መሳቢያ በመሳቢያ በረበሩ። የምሳ ዕቃቸውን ከፍተው አዩ። ወደ እኔ ዞረው የመጡትን ሰዎች ስም ጠየቁኝ። «ስመታ ፊቴ ወደ ግድግዳው ነው፣ ማንንም አላየሁም» አልኩ። በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ የማልጸጸትበት ይሄ ብቻ ነው።

ሲወስዷቸው ባርኔጣቸውን አንስተው ደጃፉ ላይ ቆም አሉ።

«ጓለይ፣ የፊተኛውን ክፍል መስኮት መዝጋት እንዳትረሺ። ፀሐይዋ ጣልያኖቹ ላይ እየወደቀች ነው።»

ዘጋሁት። ከዚያ ሰዓት የማስታውሰው፣ ይሄ ሰው አሁንም ስለ መጽሐፍ ቀለም መጥፋት ያስባል ብዬ መናደዴን ነው።

ከዚያ ወዲያ ፍርሃት ጀመረ። ከተማው ውስጥ እዚህ ቤት ተፈተሸ፣ እዚያ ቤት ሰው ተወሰደ ይባላል። ታላቅ ወንድሜ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ታማትባለች። ደብተሩን መጀመሪያ ከአልጋዬ ሥር፣ ከዚያ ከልብስ ሣጥኑ ሥር፣ ከዚያ ጣሪያው ሥር ደበቅኩት። አንድ ቀን እንኳ አልገለጥኩትም። ካላየሁት የሌለ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ወታደሮች ከእኛ ሁለት ቤት አልፈው ያለውን ጎረቤታችንን ቤት ሲፈትሹ አየሁ። በኋላ እንደሰማሁት ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር። እናቴ ጓሮ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ጥዳ ነበር። ሮጬ ገብቼ ደብተሩን አወረድኩና እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት።

እንደዚያ ያለ ነገር ቶሎ የሚነድ ይመስለኝ ነበር። አልነደደም። ቆዳው ተኮማትሮ ጢሱ ጓሮውን ሞላው፤ ሙጫው የተቃጠለ ቀንድ ሸተተ። በእንጨት እየገለበጥኩ ገጾቹን መክፈት ነበረብኝ። እንዲያ ስል አንዱ ገጽ ፊት ለፊቴ ተዘረጋ። ሐምራዊው ቀለም ቡናማ ሲሆን፣ ከመጥቆሩ በፊት አንድ ቃል አነበብኩ፤ «ወደይ» ይላል። ልጄ ማለት ነው። ሌላ አላየሁም። ወታደሮቹ እኛ ቤት አልመጡም።

ያንን ሽታ ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ጫማ ሰፊ አጠገብ ሳልፍ ያገኘኛል። ልጆቼ ለምን መንገድ እንደምሻገር አያውቁም።

አቦይ ሀብተጽዮን ከስምንት ወር በኋላ ተፈቱ። ፊት ለፊት ያሉት ጥርሶቻቸው የሉም፤ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ወደ ሥራቸው አልመለሷቸውም። ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ ሲሉ ሰማሁ። መጽሐፍ አይጠይቁም አሉ። ይገባሉ፣ ሻሂ ይጠጣሉ፣ ስለ ልጆች ይጠይቃሉ። ሰውየው ራሱ ተነስቶ ከተደበቀበት አውጥቶ ያሳያቸዋል፤ አይተው፣ ሽፋኑን ዳሰስ አድርገው ይሄዳሉ። ካርዶቹ ከእጃቸው ባይኖሩም ማን ምን እንደወሰደ በቃላቸው ያውቁት ነበር። እኔ ጋ የሚደርሱበትን ቀን እየቆጠርኩ አልተኛም ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መጡ። እናቴ ሻሂ አቀረበችላቸው። ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቁ። ስለ ዝናቡ አወሩ። በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ብርጭቆውን ሲያነሱ ሻሂው ማስቀመጫው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በሩ ላይ እስኪደርሱ መጠበቅ አልቻልኩም።

«አቦይ፣ አቃጥዬዋለሁ።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። እናቴ ተነስታ ወጣች።

«መቼ?» አሉ።

«በሦስተኛው ሳምንት። ፈራሁ።»

«አንብበሽው ነበር?»

ይቆጡኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ይህን ጥያቄ ግን አልጠበቅኩም።

«አላነበብኩትም» አልኩ።

ስምንት ወር እስር ያላጠቆረው ፊታቸው ያን ጊዜ ሲጠቁር አየሁ። ከዚያ ወደ ወለሉ እያዩ እንዲህ አሉኝ።

«እኔም አላነበብኩትም። ለጡረታዬ አስቀምጬው ነበር። ጊዜ ሲኖረኝ፣ ቀስ ብዬ አነበዋለሁ ብዬ። እንግዲያው ያነበበው ሰው የለም ማለት ነው።»

የዚያኑ ዕለት ስለ ካርዶቹ ነገሩኝ። ከጣልያኖቹ የመሬት ሕግ ጥራዞች ውስጥ፣ በየመጽሐፉ አንድ አንድ አድርገው ሸጉጠዋቸው ነበር። መስኮቱን ዝጊ ያሉኝ ለዚህ ነው፤ ብርሃኑ እዚያ ላይ እንዳያርፍ፣ ዓይን እንዳይስብ። ከሰዎቹ አንዱም ወደዚያ ዞር አላለም። «የሚያነባቸው የለም፣ የሚነካቸውም የለም» አሉ። አልሳቁም።

ሲወጡ ታዲያ በሩ ላይ ቆመው «ቅዳሜ ሥራ አለሽ?» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ ወጣን። መምህሩ የጻፉበት መንደር ከአሥመራ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ አቦይ ሀብተጽዮን ስሙን ደብተሩ ቤተ መጻሕፍቱ በገባበት ቀን ከሞሉት ቅጽ ያስታውሱታል። መምህሩ ሞተዋል። ከገጠሙት ሴቶች በሕይወት ያሉት አንዲት ብቻ ናቸው አሉን፤ አደይ ለተኪዳን። ቤታቸው ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው። ዓይናቸው አያይም ማለት ይቻላል። አቦይ ሀብተጽዮን ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና የመጡበትን ነገሩ። በዚያን ጊዜ የገጠሙትን እንዲደግሙልን፣ እኛም እንደምንጽፈው ነገሯቸው።

«ማን ሞተ?» አሉ አሮጊቷ።

«ማንም አልሞተም፣ እናቴ። ያኔ መምህሩ የጻፉትን ነው።»

«ሰው ሳይሞትማ እንዴት ብዬ?» አሉ። «ግጥሙ በዕለቱ የመጣ ነው። ለልጄ ነው የመጣልኝ። ከአፌ ወጥቶ መምህሩ ወረቀት ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ዘንድ የለም። ብዙ ሌሊት ፈልጌዋለሁ።» ከዚያ ደስ ያላቸው መሰሉ። «ግን መምህሩ አሥመራ ትልቅ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፣ አይጠፋም ብለውኛል። ልጅሽ አይረሳም ብለውኛል። አለ አይደል?»

አቦይ ሀብተጽዮንን አየኋቸው። ለእነዚያ ሦስት ሰዎች እንዳሉት «ወጣ ብሏል» ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? አሮጊቷ ደስ ብሏቸው ይሞቱ ነበር። እኔም በልቤ እንዲሉ ለመንኳቸው።

«የለም፣ እናቴ» አሉ። «ተቃጠለ።»

«ማን አቃጠለው?»

አፌን ለመክፈት ሞከርኩ።

«እኛ ነን» አሉ አቦይ ሀብተጽዮን። «እንድንጠብቀው ተሰጥቶን ነበር። አልጠበቅነውም።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ መለሱ። ተነስተን ልንሰናበት ስንል፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ተኽላይ ነው» አሉ። «ስሙ ተኽላይ ነው። ይሄን እንኳ ያዙ።»

ስንመለስ አውቶቡሱ አንድ ፌርማታ ላይ ሰው ሊጭን ብዙ ቆመ። አቦይ ሀብተጽዮን ከኪሳቸው አንድ ባዶ የካታሎግ ካርድና ብዕር አውጥተው ሰጡኝ። በእሳቸው እጅ መጻፍ ቀርቶ ነበር።

«በትግርኛ ጻፊ» አሉኝ።

ቁጥሩን ነገሩኝ፤ ጻፍኩ። ጥቁር ቆዳ፣ በእጅ የተጻፈ፣ ግልባጭ የሌለው። ጻፍኩ። «ጠፋ» ልል ስል «ተቃጠለ በይ» አሉኝ። ተቃጠለ አልኩ። ከዚያ በራሴ ፈቃድ «በእኔ» ብዬ ሙሉ ስሜን ጻፍኩበት። ካርዱን ተቀብለው አነበቡ። ስሜን ይሰርዙልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሰረዙትም። መልሰው ሰጡኝና በሚንቀጠቀጠው ጣታቸው ከላይ ባዶ የቀረውን መስመር አሳዩኝ።

«ርዕስ» አሉ።

«ርዕስ አልነበረውም እኮ፣ አቦይ።»

«አሁን አለው። የልጁን ስም ጻፊበት።»

ጻፍኩት። ካርዱን ወስደው በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ቀለሙ እስኪደርቅም መስኮቱ ላይ ነፋሱ ውስጥ አቆዩት።